«ይውጣለት» የምትሉት ነገር አይወጣም

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

«ኳስ ስሜት ነው፣ ልጆቹ ይውጣላቸው» የሚሉት ነገር ሰልችቶኛል። ተጫዋች ዳኛ ሲማታ «ስሜታዊ ሆኖ ነው»። ደጋፊ ድንጋይ ሲወረውር «ወጣት ነው፣ ይውጣለት»። ገበያ መሀል ቢያደርገው ፖሊስ የሚጠራበት ድርጊት ማልያ ሲለብስ ስሙ «ስሜት» ይሆናል። እንዴት ነው ነገሩ?

ሰሞኑን እኛም ጋ አዘና ደርሷል። በክፍሎች ውድድር ላይ ፊሽካ የያዘ የ11ኛ ክፍል ልጅ ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠህ ተብሎ በጥፊና በእርግጫ ተመታ። ከዚያ ወዲህ ከባልደረቦቼ የሰማሁት ሁለት ሃሳብ ብቻ ነው፦ «ውድድሩ ይቅር» ወይም «የልጅ ነገር ነው፣ ይታለፍ»። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ።

መጀመሪያ «ይታለፍ» ለሚሉት። ሃሳባቸው ሰው እንደ ጀበና ነው፣ ካልተነፈሰ ይገነፍላል የሚል ነው። ይሄ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባል ኦስትሪያዊ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1963 ስፖርት የጠብ ስሜትን ያስተነፍሳል ብሎ ጽፏል። ችግሩ ሲፈተን አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1971 ጎልድስታይንና አርምስ የታተመ ጥናት አላቸው። አሜሪካ ውስጥ የእግረኛና የባሕር ኃይል አካዳሚዎች ሲጋጠሙ ተመልካቹን ከጨዋታው በፊትና በኋላ ጠየቁ። ቡድኑ ያሸነፈለትም የተሸነፈበትም ሲወጣ ጠበኝነቱ ጨምሮ ተገኘ። ጂምናስቲክ ያዩት ላይ ግን እንዲያ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ቡሽማን የተናደዱ ተማሪዎችን ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድቡ አደረገ። ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ እነሱ ባሱ። አያችሁ? አልወጣላቸውም፤ ተለማመዱት።

ባንዱራም እ.ኤ.አ. በ1961 ትልቅ ሰው አየር የተሞላ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ያንኑ ሲደግሙ አሳይቷል። ልጅ ምክራችንን ሳይሆን እኛን ነው የሚያየው። ታዲያ የእኛ ልጆች ምን አዩ? ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና መከላከያ ሲጫወቱ ዳኛው ሜዳ ላይ ተባሮ ተደበደበ፤ ሊጉ እስከ መቋረጥ ደረሰ። ቪዲዮውን ያላየ ተማሪ የለም። በዚያው ዓመት ወልድያ ላይ በኳስ ጨዋታ ሰበብ በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በስድብ የተጀመረ ነገር የት እንደሚደርስ እያወቅን ነው «ይታለፍ» የምንለው።

«ታዲያ ልጆቹ እንደ ሙሽራ ይሽኮርመሙ?» ትሉኛላችሁ። ኧረ በፍፁም! በትከሻ መጋፋት፣ ሮጦ ኳስ መንጠቅ፣ እልህ መጋባት ጨዋታ ነው። ኳሱን ትቶ ሰውየውን መፈለግ ግን ሌላ ነው። ልዩነቱን የ8 ዓመት ልጅም ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ «ይቅር» ለሚሉት። እናንተ የአገው ምድር ልጆች አይደላችሁም እንዴ? በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ የፈረሰኞች ማኅበር ያለን ሕዝብ ነን። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚታየው ምንድን ነው? በጉግስ አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያባርራል፣ ዘንግ ይወረወራል፣ በጋሻ ይመከታል። ከኳስ የባሰ አደገኛ ነው! ግን ሥርዓት አለው፤ ዘንግ ያረፈበት ቂም ቢይዝ የሚዋረደው ራሱ ነው። ገናም እንደዚሁ፤ በዚያ ቀን ጌታም ቢሆን ቁጣ አይፈቀድለትም ነበር። አባቶቻችን ጨዋታውን አልከለከሉም፣ ንዴትንም «ስሜት ነው» ብለው አልሾሙትም። በሥርዓት ያዙት።

ንዴት መኖሩ አይቀርም፤ ግብ የተከለከለ ሰው ይናደዳል። በርኮዊትዝ የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እንዳለው ግን ንዴት ወደ ዱላ የሚሄደው በዙሪያው ያለው ነገር ሲገፋው ነው። በዙሪያው ያለነው ማን ነን? መስመር ዳር ቆመን «ስበረው!»፣ «ዳኛው ሌባ!» የምንለው እኛው፣ አንዳንዱም ጠመኔ የያዝን።

እኔ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር ነኝ፣ የሥነ ልቦና ዶክተር አይደለሁም። የምጠይቀው ቀላል ነው። ውድድሩ ይቀጥል። የተማታው ልጅ ከቀሪ ጨዋታዎች ይታገድ፤ በሰልፍ ላይ በተማሪው ሁሉ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ። ከሜዳ ዳር የሚሳደብ ካለ፣ መምህርም ይሁን ወላጅ፣ ጨዋታው ቆሞ እሱ ይውጣ። ፊሽካውም ለዚያው ለተመታው ልጅ ይመለስለት። ዛሬ እሱን ብናስቀምጠው ነገ ዳኛ ልሁን የሚል ተማሪ አናገኝም።

የምትቃወሙኝ ኮሜንት ላይ ኑ፣ እንከራከር። ስድብ ግን እዚህ ገጽ ላይ አይውጣላችሁ።