የሱቅ ስም

በዛሬው ትምህርታችን ስለ ሱቅ ስም እንነጋገራለን።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሻይ ቤትንና የወፍጮ ቤትን ስም ግን የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሰሌዳ ጻፊው የጻፈለትን ተቀብሎ ይሰቅላል። እናንተ ግን አሁን ታነባላችሁ። ስለዚህ ስሙን መምረጥም ማረምም የእናንተ ሥራ ነው።

ስም መለወጥ ቀላል ይመስላል። ግን ቀላል አይደለም። እስቲ አዳማን ተመልከቱ። የከተማዋ የቀድሞ ስም አዳማ ነበር። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ደግሞ በይፋ ወደ አዳማ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ ሆነ። ታዲያ ዛሬም «ናዝሬት» የሚላት ሰው ብዙ ነው። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ተብላለች። ዝዋይም ባቱ ተብላለች። እነሱንም በድሮ ስማቸው የሚጠራቸው አለ። ከዚህ ምን እንማራለን? ሰሌዳ በአንድ ቀን ይለወጣል። የሰው አፍ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

የከተማ ስም እንዲህ ከሆነ የትንሽ ሱቅ ስምማ እንዴት ይሆን? መቂ ላይ አንዲት እናት ሻይ ቤት አላቸው እንበል። ሹፌሩ «እዚያ ጠብቀኝ» ይላል። የሽንኩርት ነጋዴውም እዚያ ይተሳሰባል። እኚህ እናት ድንገት ስሙን ቢለውጡ፣ የሩቁ ደንበኛ «ቤቱ ተሸጧል» ብሎ ያልፋል። ጉዳቱ የእሳቸው ነው። ስለዚህ ያለ በቂ ምክንያት ስም አትለውጡ።

በቂ ምክንያት ሲኖርስ? ለምሳሌ ሥራችሁ ከሻይ ቤት ወደ እህል ንግድ ከዞረ፣ ስሙን ለውጡ። ነገር ግን ከአዲሱ ስም ሥር የድሮውን ስም «የቀድሞው» ብላችሁ ለጥቂት ወራት ጻፉት። ደንበኛ አይጠፋባችሁም።

ሕጉንም እወቁ። በ2008 ዓ.ም. የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ወጥቷል። በአዋጁ መሠረት የንግድ ስም ይመዘገባል። ሌላው ቀድሞ ያስመዘገበውን ስም መውሰድ አይቻልም። ከእሱ ጋር የሚያምታታ ስምም እንዲሁ አይቻልም። ስለዚህ ለሰሌዳ ጻፊው ከመክፈላችሁ በፊት ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። «ይህ ስም ተይዟል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም ስትለውጡም አስመዝግቡ። በፈቃዱና በሰሌዳው ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ስም ቢለወጥ ዕዳ አይሰረዝም። ያበደራችሁም ያበደራችሁትም ሰው አዲሱን ስም ይወቅ። የዱቤ መዝገባችሁንም አትጣሉ።

በእኛ አካባቢ ብዙ ሰሌዳ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጻፋል። በቁቤም በግዕዝ ፊደልም ስሙ አንድ ዓይነት መነበቡን አረጋግጡ።

የሳምንቱ መልመጃ፦ የሱቃችሁን ስም በደብተር ላይ ጻፉ። ሱቅ ከሌላችሁ ልትከፍቱት የምታስቡትን ጻፉ። ፈቃድ ካላችሁ ከፈቃዱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ከዚያ እንደ እናንተ ማንበብ የጀመረ ጎረቤት ጥሩና ያንብበው። ከተደናቀፈ ወይ ስሙ ረዝሟል፣ ወይ ፊደል ተሳስቷል። ሰሌዳው ሳይሰቀል አርሙት።