መሄጃ ያለው መመለሻም ይኑረው

በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት የቆመ ባለጉዳይ በዘመናችን ደጋግሞ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ከገጠር የመጣው ገበሬ፣ ሥራውን ትቶ የተሰለፈው የቀን ሠራተኛ፣ ልጇን አዝላ የቆመችው እናት ሲስተም ምን እንደ ሆነ ላያውቁ ይችላሉ፤ አለመኖሩን ግን በሚገባ ያውቁታል፤ የዕለት ገቢያቸውን ወስዶባቸዋልና። አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ዛሬ ወይም ነገ ከዚያ መስኮት ወዲያ የምትቀመጡ ናችሁ። ስለዚህ ይህ ሲስተም የተባለው ነገር በምን መንገድ እንደሚመጣ፣ መንገዱስ እንዴት ቢዘረጋ የታመነ እንደሚሆን ማወቁ ይጠቅማችኋል።

ነገሩን ለመረዳት ከልደታ እንነሣ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ መናኸሪያ ልደታ ነበር። ኋላ የልደታው መንደርደሪያ ለቦይንግ 720 ጄት አጭር ሆኖ ስለ ተገኘ ቦሌ ተሠራ፤ አዲሱ መንደርደሪያም በ1955 ዓ.ም. ለአገልግሎት በቃ። መናኸሪያው ይዛወር እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ከየአውራጃው የሚነሣው መንገደኛ መጀመሪያ ወደ መካከል ይመጣል፤ ከመካከልም ወደሚፈልገው ይሄዳል። የብስክሌት ጎማን አስቡ፤ ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው አይገናኙም፤ ሁሉም የሚገናኙት በእምብርቱ ላይ ነው።

የመሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር መረብም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። መንግሥት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳኔት የተባለውን መረብ ሲዘረጋ፣ የየወረዳው ጽሕፈት ቤቶች በሳተላይት አማካይነት ከአዲስ አበባው ማዕከል ጋር እንዲገናኙ ተደረገ። የዚህ ዓይነት መረብ ጥቅሙ በሒሳብ ይታያል። 50 መሥሪያ ቤቶችን እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ለማገናኘት 1,225 መስመር ያስፈልጋል፤ አንዱን እምብርት አድርጎ ሌሎቹን ከርሱ ጋር ለማገናኘት ግን 49 ይበቃል። ዋጋውም አለው። ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ መልእክቱ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከወረዳ ወደ ወረዳ በማዕከሉ በኩል ሲሆን ግማሽ ሰኮንድ ይሆናል፤ ጥያቄና መልሱ ተደምረው አንድ ሰኮንድ ይሞላሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን መረብ የሚያቀና ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የአድራሻ ክፍፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢንተርኔት መሐንዲሶች ለግል መረቦች ብቻ የሚያገለግሉ ሦስት የአድራሻ ክልሎች ለይተው አስቀመጡ፤ ከሦስቱ ትልቁ በ10 የሚጀምረው ሲሆን 16,777,216 አድራሻዎች አሉት። ከዚህ ላይ ለልደታው ቅርንጫፍ 10.20.1.0፣ ለጎንደሩ 10.20.2.0 እያሉ ለእያንዳንዱ 256 አድራሻ ቢያድሉ ማንም ከማንም አይጋጭም። ነገር ግን ብዙ ራውተሮች ከካርቶናቸው ሲወጡ 192.168.1.0 የሚል አድራሻ ይዘው ይወጣሉ። ሁለት ቅርንጫፎች ይህንኑ ሳይለውጡ ከተቀመጡ፣ ማዕከሉ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ቤቶች እንደ ገጠሙት ፖስተኛ ግራ ይጋባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሽሽጉ መተላለፊያ ነው። ከቅርንጫፉ እስከ ማዕከሉ ያለው መስመር በሕዝብ ኢንተርኔት ላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ አይፒሴክ በተባለው ሥርዓት ታነል ይዘረጋል። ሁለቱ ራውተሮች በመጀመሪያ ማንነታቸውን ይተዋወቃሉ፤ ከዚያም ቁልፍ ይስማማሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚላላኩት ሁሉ በምስጢር ጽሕፈት ስለ ሆነ በመንገድ ላይ ቢጠለፍ እንኳ ሊነበብ አይችልም።

ታነሉ ከተዘረጋ በኋላ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ዋናው ግን ገና ነው። መንገድ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በመንገዱ የት እንደሚደረስ ሁሉም ወገን ማወቅ አለበት። የልደታው ራውተር ወደ ማዕከሉ የሚወስደውን መንገድ ቢያውቅ፣ ማዕከሉ ግን ወደ ልደታ የሚመልሰውን ባያውቅ፣ ጥያቄው ደርሶ መልሱ ይጠፋል። ጸሐፊዋ የምታየው ማያው ላይ የሚሽከረከረውን ክብ ብቻ ነው፤ ባለጉዳዩም «ሲስተም የለም» ይባላል። ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው ሲገቡ ደግሞ ማዕከሉ ለነርሱ የተለየ አድራሻ ይሰጣቸዋል፤ ይህም አድራሻ ለየቅርንጫፉ ካልተነገረ ችግሩ ያው ነው።

ቅርንጫፎቹ ጥቂት ሲሆኑ መንገዱን በእጅ መጻፍ ይቻላል። ሲበዙ ግን ራውተሮቹ ራሳቸው ቢነጋገሩ ይሻላል፤ የሚነጋገሩበትም ቋንቋ ቢጂፒ ይባላል። ይህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1989 የተወጠነ ሲሆን ዛሬ የዓለም ኢንተርኔት በሙሉ የሚመራበት ነው። አንድ ሕግ ግን ልብ በሉ። ማዕከሉና ቅርንጫፎቹ በአንድ የአስተዳደር ቁጥር ሥር ከሆኑ፣ ማዕከሉ ከአንዱ ቅርንጫፍ የሰማውን ለሌላው አያወራም። ስለዚህ «ሩት ሪፍሌክተር»፣ ማለት የሰማውን መልሶ የሚያሰማ እንዲሆን ማዘዝ፣ ወይም ለቅርንጫፎቹ ሁሉንም የሚጠቀልል አንድ የማጠቃለያ መንገድ መስጠት ያስፈልጋል። ይህ ከተረሳ ልደታ ከማዕከሉ ጋር፣ ጎንደርም ከማዕከሉ ጋር ይነጋገራሉ፤ ልደታና ጎንደር ግን እንደ ተደናቆሩ ይቀራሉ።

ከዚህም የሚብስ ስውር አደጋ አለ። ራውተር ከሚያውቃቸው መንገዶች ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን ይመርጣል። ታነሉ ሲበጠስ ያ ዝርዝር መንገድ ይጠፋና፣ የመሥሪያ ቤቱ መልእክት «ሌላው ሁሉ በዚህ ይሂድ» ወደሚለው ወደ ሕዝቡ ኢንተርኔት በር ያለ ምስጢር ጽሕፈት ሊያመራ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለግል አድራሻዎች ሁሉ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው አንድ የመጣያ መንገድ ማስቀመጥ ነው። ታነሉ ሲኖር ማንም አያየውም፤ ታነሉ ሲጠፋ ግን መልእክቱ ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ እዚያው ይጣላል።

መንገድና ፈቃድም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወደ ልደታ ፍርድ ቤት የሚያደርስ አስፋልት መኖሩ ማንም መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል እንዲገልጥ አያስችለውም። በመረቡም እንዲሁ፣ በማዕከሉ ላይ የቆመው ፋየርዎል እያንዳንዱን ሰው በስሙ ጠይቆ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማሳለፍ አለበት። የውስጥ ሰው ነው ተብሎ ብቻ አይታመን የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት እያገኘ ነው። በአገራችንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል።

በመጨረሻም፣ ሁሉን በአንድ እምብርት ላይ ያሰረ ሰው እምብርቱ ሲታመም ሁሉም አብሮ እንደሚታመም ይወቅ። ሁለተኛ ማዕከል በሌላ ስፍራ፣ በሌላ የመብራት መስመር ላይ ይቁም፤ እያንዳንዱም ቅርንጫፍ ወደ ሁለቱም ታነል ይኑረው። አንደኛው ሲወድቅ ቢጂፒ ራሱ መንገዱን ወደ ሁለተኛው ያዞረዋል። ይህም መሥራቱ የሚታወቀው አንድ ቀን ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት፣ አንደኛውን ሆን ብሎ አጥፍቶ በመሞከር ነው።

ይህን ሁሉ የምንልበት ምክንያት አለ። የታመነው መንገድ ሲዘጋ ሥራ አይቆምም፤ በጎን ይሄዳል። የሰው የልደት ማስረጃ በቴሌግራም ይላካል፤ የክስ መዝገብ በፍላሽ ተገልብጦ በኪስ ይዞራል። ይህን የሚያደርገው ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም፤ መስኮቱ ፊት የቆመውን ሰው አይቶ የራራ ሰው ነው። ርኅራኄው ግን የዚያኑ ሰው ምስጢር ለማያውቀው እጅ ይሰጥበታል። ስለዚህ እናንተ ወጣት ሠራተኞች መንገዱ ሲዘገይ በጎን ከማለፍ ይልቅ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ቢሮ፣ ወደ የትኛው አድራሻ መልስ እንደ ጠፋ በጽሑፍ ለባለሙያው አስታውቁ። ባለሙያው እንዲህ ያለውን ማስታወሻ ይዞ ከተነሣ፣ የጠፋው መሄጃው ይሁን መመለሻው ፈልጎ ለማግኘት ብዙ አይቸገርም።