የሰባራ ድልድይ ፎቶ

በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ለወጣት ጋዜጠኞች በተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ ተቀምጠናል። አሠልጣኙ ፈረንጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይስቃል፣ ሽሮ በእጁ ይበላል፣ ‹‹አመሰግናለሁ›› ማለትም ያውቅበታል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ፎቶ ኃይል ሊያስተምረን አንድ ምስል ግድግዳው ላይ አበራ። መሐሉ የተቆረጠ የድንጋይ ድልድይ፤ ከሥሩ ዓባይ፤ ከወዲህና ከወዲያ ገመድ የያዙ ወንዶች፤ ገመዱ ላይ ደግሞ አየር ላይ የተንጠለጠለ አንድ ምስኪን ተሻጋሪ። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው ‹‹ድልድይ ያልነበራቸው ሰዎች›› ይላል።

ሦስታችን ተያየን። ሁለታችን የሞጣ ልጆች ነን፣ አንዷ የቢቸና። ሰባራ ድልድይ እኮ ነው!

ለማያውቅ እንንገረው። ሰባራ ድልድይ ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ የተዘረጋ፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ የጥንት ድልድይ ነው። አስጎብኚዎች ‹‹የፖርቱጋሎች ድልድይ›› ይሉታል። ይህም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ድልድዩ የተሠራው በአፄ ፋሲል ዘመን ነው የሚባለው፤ አፄ ፋሲል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሠው ኢየሱሳውያኑን ከነፖርቱጋላዊ አለቃቸው ከአገር ያባረሩ ንጉሥ ናቸው። ያባረሯቸውን ሰዎች ግንበኛ አድርገው ሰጧቸው! ግድ የለም፣ ይሁን። ስሙን የሰጠው ድልድዩን ያየ ሳይሆን ‹‹ሐበሻ ድንጋይ መገንባት አይችልም›› ብሎ የጀመረ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ዋናው ነገር ስብራቱ ነው። ድልድዩ በእርጅና አልተሰበረም፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት አርበኞች ናቸው የቆረጡት። እነዚያ ሰዎች መሻገሪያቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱ፤ ከዚያ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከስድሳ ዓመት በላይ ለገበያም፣ ለለቅሶም፣ ለክርስትናም በገመድ ተሻገሩ። ከድል በኋላ የመጣው መንግሥት ሁሉ ለምን እንዳልጠገነው የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ እሱም የእኛ ጥያቄ ነው። ፎቶው ሥር ግን አርበኛውም የለም፣ ጥያቄውም የለም። ያለው ‹‹ድልድይ ያልነበራቸው ሰዎች›› ነው።

ፍትሐዊ እንሁን። ይህ የገመድ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሲወጣ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ተመለከተው፤ ተመልክቶም ገጹን ገልብጦ አላለፈም። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ በ2002 ስብራቱን በብረት አስጠገነ፤ የዓባይ ሙላት ጥገናውን ሲወስደውም በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እጁ ይባረክ። የእኛ ጠብ ከሰውየው ጋር አይደለም፤ ብረቱን በአህያና በጫንቃው ያደረሰውን የአገሬውን ሰው ከታሪኩ ካወጣው ወሬ ጋር ነው።

ነገሩ የአንድ ድልድይ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልጻፍን። በሻይ ሰዓት አሠልጣኙ ከየት እንደመጣን ጠየቀ። ‹‹ከምሥራቅ ጎጃም›› አልነው። ፊቱ በሐዘን ተለወጠ። ‹‹ልጆች ሳላችሁ ምግብ ነበር?››

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። ዘገባው እውነት ነበር፤ ወሎና ትግራይ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ረግፏል። ያን መከራ የሚያቃልል ምላስ የለንም። ነገር ግን ካሜራው የቆመበት ቦታ የአገሪቱ ሁሉ ካርታ ሆነ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው ‹‹ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?›› የሚል ርዕስ ያለው ዘፈን አወጡ። ማንን ነው የሚጠይቁት? ሞጣ ጊዮርጊስን? ዲማ ጊዮርጊስን? ደብረ ወርቅ ማርያምን? የገናን ሌሊት በመቋሚያና በጸናጽል የሚያነጋ ሕዝብን? ዘፈኑ እስከ 2024 ድረስ በተደጋጋሚ እየታደሰ ወጥቷል፤ ጥያቄው ግን አልታደሰም።

ቢቸና ማለት የአዲስ አበባዋ እናት እህል በረንዳ ስትገባ ‹‹የጎጃም ነው?›› ብላ የምትጠይቀው ጤፍ የሚመጣበት ዋልካ መሬት ነው። ጣቷን ከጆንያው ሰዳ፣ ዘንቆ አውጥታ፣ በመዳፏ ነፍታ የምታየው ነጭ ጤፍ። ችግር የለም አላልንም፤ ወደ ዓባይ በረሃ የወረዱት ቀበሌዎች አፈራቸው ታጥቦ ምርት ያጥራቸዋል። ግን በጤፍ አገር የምትኖር ልጅ የሚያሳስባት የማዳበሪያ ዋጋ ነው፤ የደላላው ሚዛን ነው፤ አባቷ ከጥር በፊት እህሉን በርካሽ እንዳይሸጥ ነው። እነዚህን ነገሮች ማንም ፈረንጅ ጠይቆን አያውቅም። ቢጠይቀን ሦስት ቀን ሙሉ እናወራለት ነበር።

ሌላው ተረት ‹‹ገበሬው እንደ ጥንቱ ነው፤ ያርሳል፣ ይጸልያል፣ ይገዛል›› የሚለው ነው። በቱሪስት መጽሔት ‹‹ጊዜ የቆመበት አገር›› ይሉናል። (ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነን ለሚሉትማ ምን እንመልሳለን? የራሳችን ዘመን አቆጣጠር አለን ማለት የእነሱን ዘመን እየጠበቅን ነው ማለት አይደለም።) ይህ ቆመ የተባለ ጊዜ በ1960 ዓ.ም. ምን እንዳደረገ እናስታውሳቸው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ እምቢ ብለው የተነሡት ዋነኞቹ አውራጃዎች ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ናቸው። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም፤ ልኬቱን ተከትሎ ርስቱ እንዳይሄድበት ነበር። መንግሥት የጦር አውሮፕላን ልኮ ቦምብ እስከ መጣል ደረሰ። በመጨረሻ የተጠራቀመው ግብር ተማረ፣ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ተነሡ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ በሰፊው ጽፈውበታል፤ ፈልጎ ማንበብ ነው። በ2015 ክረምት ዋዜማም የክልሉ ገበሬ ማዳበሪያ አጣን ብሎ አደባባይ ሲወጣ የውጭ ዜናው እንደ ድንገተኛ ነገር ተገረመ።

ሴቶች ነንና አንድ ጥያቄ ለብቻችን ይደርሰናል። ‹‹በስንት ዓመታችሁ ሊድሯችሁ ነበር?›› ይህኛው ላይ ቆጣ ብለን መመለስ አንችልም፤ መሠረት አለው። ከእናቶቻችንና ከአክስቶቻችን መካከል ጡት ሳያጎጠጉጡ የተዳሩ አሉ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ ሕጉ የወጣ ዕለት ግን ልማዱ አላለቀም። የሚያናድደን ጥያቄው አይደለም፤ መልሱን የሚጠብቁበት መንገድ ነው። ‹‹ማን አዳናችሁ?›› ይሉናል። ድርጅት እንድንጠራላቸው ይፈልጋሉ። ከእኛ አንዷን ያዳነቻት ራሷ በልጅነቷ የተዳረች እናቷ ነች፤ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ‹‹ልጄ ፈተና አለባት›› እያለች ዓመት በዓመት አሳለፈቻቸው። እናቷ ፊርማዋን የምታስቀምጠው በአውራ ጣቷ ነው። ይህን ስንነግራቸው ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ምንም አይጽፉም።

እሺ፣ ፈረንጅ ሩቅ ነው። የቅርቡስ ፈረንጅ? አዲስ አበባ ማለታችን ነው። ቁምጣ አስለብሶ፣ ዱላ አስይዞ፣ በተኮላተፈ ንግግር ‹‹ጎጃሜ››ን መድረክ ላይ የሚያወጣ ኮሜዲያን ስንት ዘመን አስቆናል? ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰሞን ከየት እንደሆንን ስንናገር ‹‹ቡዳ እንዳትሆኑ ብቻ›› የተባልነውስ በየትኛው ቢቢሲ ነው? ቀልድ ነው ይሉናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ሲያሳትሙ የዲማውን ጉዱ ካሣን የመሰለ፣ የራሱን ዘመዶች ሥርዓት የሚያብጠለጥል ሰው ሰጥተውናል። እሱን አንብቦ ያደገ ከተማ ስለ እኛ የቀረው ቁምጣው ብቻ ከሆነ ምን እንላለን?

ጣት ስንቀስር ግን የቀሩት ጣቶች ወደ እኛ ናቸው። ‹‹ጎጃም የክርስቲያን አገር ነው›› የሚለውን ፈረንጅ አላመጣውም፤ እኛው ነን ስንለው ያደግነው። የሞጣ ገበያ ያለ ሙስሊም ነጋዴ ገበያ ሆኖ አያውቅም። ጨርቅ የገዛነው ከማን ሱቅ ነው? ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉና የሙስሊሞች ሱቆች ሲዘረፉ ብዙ ሰው ‹‹ሞጣ ሙስሊም አለ እንዴ?›› ብሎ ጠየቀ። ስለ ጎረቤቱ የተሳሳተ ሥዕል ምን እንደሚያመጣ ያየነው በዜና አይደለም፤ ጭሱን ነው ያየነው። የዚያን ሰሞን ስለ ፈረንጅ አለማወቅ ለመጻፍ አፍ አልነበረንም።

አሁን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ገብቷል። ኢንተርኔት ተዘግቶ በከረመባቸው ወራት ስለ ሞጣና ስለ ቢቸና የሚናገረው ሁሉ ሞጣንና ቢቸናን ያላየ ነበር። ለአንዱ ሁላችን ታጣቂ ነን፣ ለሌላው ሁላችን ተፈናቃይ። በመሐል ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አለ፤ እሱን ለማሳየት ገመድ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ለአሠልጣኙ ይህን ሁሉ አልነገርነውም፤ ሻይ ሰዓቱ አጭር ነው። የነገርነው ስለ ድልድዩ ብቻ ነው። ‹‹ታዲያ ማን ሰበረው?›› አለ። ‹‹የአገሩ ሰዎች፤ ጣሊያን እንዳይሻገር።›› ቅንድቡን አነሣ፤ በእርግጥም ተደንቋል። የፎቶውን ጽሑፍ እንደሚያስተካክል ቃል ገባልን። ባለፈው ሳምንት የሥልጠናው ሰነድ በኢሜይል ደረሰን። ፎቶው ዐሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ከሥሩ ‹‹ድልድይ ያልነበራቸው ሰዎች›› ይላል። እንደገና ጻፍንለት፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።