ከብትና አውሬ በአንድ መስክ

ከናይሮቢ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ወደ ናይቫሻ በሚያወጣው አውራ ጎዳና አቅራቢያ፥ ሙጉጋ የምትባል ቀዝቃዛ ደጋ አለች። ከስድሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ በዚያች ስፍራ በነበረው የእንስሳት ሕክምና ቤተ ሙከራ የተፈጸመው ሥራ፥ ማንም ቢረሳው እኛ ኢትዮጵያውያን ልንረሳው የማይገባን ሆኖ ሳለ፥ በናይሮቢ በምንኖረው ወገኖች መካከል እንኳ ስሙ ሲነሣ አይሰማም።

አያቶቻችን ክፉ ቀን እያሉ የሚያስቡት፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የወረደው መዓት የጀመረው በከብት እልቂት ነበር። ለኢጣልያ ጦር ስንቅ ተብለው ከባሕር ማዶ መጥተው በምጽዋ ወደብ የወረዱት ከብቶች ደስታ የተባለውን በሽታ ይዘው ገቡ፤ በሬው አልቆ ገበሬው የሚጠምደው ቢያጣ፥ ድርቁና አንበጣው በላዩ ተጨምሮ፥ ረኀቡ ሕዝቡን ፈጀው። ቸነፈሩ ግን በእኛ ድንበር አልተወሰነም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳዮችን መንጋ አጠፋ፥ ጎሹንና ቀጭኔውን፥ አጋዘኑንም ሳይቀር በየሜዳው ዘረረ፥ አሥር ዓመት ሳይሞላውም የአፍሪካ ጫፍ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በበደለኛነት ሲከሰስ የኖረው የዱር አውሬ ነበር። በሽታው በአውሬው ውስጥ ተሸሽጎ እየኖረ ከብቱን ይመርዛል ተብሎ ስለ ታመነ፥ በአንዳንድ አገር ጎሽና አጋዘን ከግጦሽ መሬት እንዲባረር፥ ሲብስም በጥይት እንዲያልቅ ይታዘዝ ነበር። ዋልተር ፕሎራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በሙጉጋ ተቀምጦ፥ የበሽታውን ቫይረስ በጥጃ ኩላሊት ሕዋስ ላይ እያዘዋወረ ኃይሉን በማድከም፥ በ1960 እ.ኤ.አ. ገደማ አንድ ጊዜ የተከተበን ከብት ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቅ ክትባት አዘጋጀ። በሴሬንጌቲ ዙሪያ ያለው የከብት መንጋ በተከተበ ጊዜ፥ በሜዳው የሚኖሩት አውሬዎች አንዳችም መርፌ ሳይነካቸው ከበሽታው ነጻ ወጡ፤ ከሩብ ሚሊዮን እምብዛም ያልራቀው የዊልድቢስት መንጋም ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከሚሊዮን አለፈ። ቸነፈሩን ለአውሬው ሲሰጥ የኖረው ከብቱ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ሆኖም ፍርዱ ሁልጊዜ ለአንድ ወገን አያደላም። ማሳዮች ዊልድቢስት የተባለው ይህ ጢማም የሜዳ አውሬ በሚወልድበት ወራት፥ ሣሩ ምንም ለምለም ቢሆን፥ ከብቶቻቸውን ከዚያ መስክ ያርቃሉ፤ ግልገሎቹ በተወለዱበት ሣር ላይ የዋለ ከብት ትኩሳት ይዞት፥ አፍንጫው እየዘነበ፥ ዓይኑም ነጭ ሞራ ለብሶ እንደሚሞት ከአባቶቻቸው ተምረዋልና። ያው ፕሎራይት በዚያው በ1960 እ.ኤ.አ. የዚህን በሽታ ቫይረስ ከዊልድቢስት ለይቶ ባወጣ ጊዜ፥ ፊደል ያልቆጠሩት እረኞች ምስክርነት እውነት ሆኖ ተገኘ። እኔ ከዚህ ምርምር ሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን የእረኞች ምስክርነት ነው።

የሣሩም ነገር እንዲሁ ነው። ዝናብ በቀረባቸው ዓመታት፥ ለምሳሌ በ2017 እ.ኤ.አ.፥ የማሳይ እረኞች የጎድን አጥንታቸው የሚቈጠር ላሞችን እየነዱ እስከ ናይሮቢ ጎዳናዎች ዳርቻ ድረስ ይመጣሉ፤ ላሞቹም በመኪናዎች ጭስ መካከል አቧራ የለበሰውን ሣር ሲነጩ ይታያሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ አውሬው የከብቱን ጉርሻ ነጠቀ የሚለው ስሞታ መነሣቱ አያስገርምም። በላይኪፒያ በሚገኘው በምፓላ የምርምር ጣቢያ ሊቃውንቱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜዳውን በአጥር ከፋፍለው፥ አንዱን ክፍል ለከብት ብቻ፥ አንዱን ለአውሬ ብቻ፥ ሌላውን ለሁለቱም ትተው ሲመረምሩ ቆይተው፥ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ስሞታው ግማሽ እውነት መሆኑን ያሳያል። በበጋ ከአውሬ ጋር የሚግጥ ከብት ብቻውን ከሚግጠው ያነሰ ይወፍራል፤ በዝናብ ወራት ግን ብቻውን ከሚግጠው ይበልጥ ይወፍራል፥ የሜዳ አህያው አገዳ የበዛበትን ያረጀ ሣር እየጋጠ ለስላሳውን ቅጠል ለከብቱ ይገልጥለታልና። በአገራችንም የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግተው በጊዜው ሲከፍቱ የኖሩት፥ መስክ የሚጠበቀው በወራቱ ሥርዓት መሆኑን አስቀድመው ስለ ተረዱ ነው።

ደስታ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታወጀ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የታየውም ከዚያ አሥር ዓመት አስቀድሞ በኬንያ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በጎሾች ላይ ነበር። ለዚህ ድል፥ በኋላ የተሠራውን ሙቀት የሚችል ክትባት ተሸክመው በበረሃ የተንከራተቱት የአፋር አርብቶ አደሮች ድርሻ ታላቅ ነው።

አሁን ግን የበጎችና የፍየሎች ደስታ መሰል በሽታ በመካከላችን አለ። በ2016 እና በ2017 እ.ኤ.አ. በሞንጎልያ ከበግና ከፍየል ተላልፎ ሳይጋ የተባለውን የሜዳ ፍየል በሺህ የሚቈጠር ፈጅቷል። እኛም በስሜን ተራሮች ከቶ በሌላ ምድር የማይገኝ ዋልያ አለን፤ ፍየሎቻችንም እዚያው ገደል አፋፍ ድረስ ይግጣሉ። በሽታውን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የዓለም መንግሥታት ተስማምተዋል፤ ክትባቱም ቢሾፍቱ በሚገኘው የመንግሥት ማምረቻ ይዘጋጃል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙና የፓርኩ ጠባቂ በየመሥሪያ ቤታቸው ተለያይተው መቀመጣቸውን ትተው፥ በደባርቅና በጃናሞራ ያሉትን በጎችና ፍየሎች ከሌላው አስቀድመው እንዲከትቡ፥ የመንደሩንም እረኛ አማካሪ አድርገው ይዘው እንዲወጡ፥ ሥልጣኑ ያላቸውን ሁሉ በትሕትና እማፀናለሁ።