ወደ ኬንያ መሻገርና በኬንያ መኖር

ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ በዲላ ከተማ መካከል ያልፋል፤ ከዚያም ይርጋ ጨፌን፥ በቀድሞ ስሟ ሐገረ ማርያም የተባለችውን ቡሌ ሆራን፥ ያቤሎንና ሜጋን ተከትሎ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከኬንያ ወሰን ከሞያሌ ይደርሳል። ወሰኑ ለጌዴኦ ሰው እንዲህ የቀረበ ስለ ሆነ፥ ኬንያ ሄዶ ሥራ ይዞ መኖር ገበያ ወጥቶ እንደ መመለስ የሚቀለው የሚመስለው ጎልማሳ አይታጣም። ስለዚህ የወሰኑ ሕግ ምን እንደሚል፥ ቃላቸው በሕዝቡ ዘንድ በሚሰማ በሹማምንትና በካህናት ዘንድ በትክክል መታወቅ ይገባዋል ብለን ይህን ጻፍን።

በመጀመሪያ እውነቱን አንሸሽግ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት አስቀድሞ ቪዛ አይጠየቅም። የኬንያ መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ጀምሮ የውጭ አገር ተጓዦች አስቀድመው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ፈቃድ እንዲያወጡ ካዘዘ በኋላ እንኳ፥ ኢትዮጵያ ከዚህ ግዴታ ነፃ ከወጡት አገሮች ጋራ ተቈጥራለች። በሞያሌም ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የመረቁት የጋራ የወሰን ጣቢያ አለ፤ ተጓዡ የሁለቱን መንግሥታት ሠራተኞች ባንድ ስፍራ አግኝቶ ጉዳዩን ይጨርሳል።

ዳሩ ግን ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው። በሞያሌ በፓስፖርቱ ላይ የተመታለት ማኅተም የእንግድነት ፈቃድ ነው፤ የሚቈይበትም ቀን የተቈረጠ ነው። በዚህ ማኅተም ዘመድ ይጠየቃል፥ ገበያ ይታያል፤ ደመወዝ ግን አይበላበትም፥ ሱቅም አይከፈትበትም። ይህን ልዩነት ከተራው ሰው ይቅርና ፊደል ከቈጠረውም ብዙው ያልተረዳው መሆኑን እናያለን።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የኬንያ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ ለሥራ የሚሰጠውን ፈቃድ በየክፍሉ ለይቶ አስቀምጦታል። ለደመወዝተኛ የሚሰጠው «ዲ» የተባለው ሲሆን፥ የሚገኘውም በስም የታወቀ ቀጣሪ ሲኖርና የሠራተኛው ሙያ በአገሩ ሰዎች ዘንድ የማይገኝ መሆኑ ሲገለጥ ነው። ለነጋዴ የሚሰጠው «ጂ» የተባለው ደግሞ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ካፒታል ማሳየትን ይጠይቃል። እንግዲህ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ፥ በኪሱም የመንገድ ስንቅ ብቻ የያዘ የዲላ ልጅ ከሁለቱ በየትኛው በር ሊገባ ነው? ያለ ፈቃድ ሲኖር የተገኘ ሰው እስከ 500,000 ሽልንግ መቀጫ ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት፥ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል።

ደላላው ይህን ሁሉ አይናገርም። እንዲያውም ናይሮቢ የመንገዱ መጀመሪያ ናት፥ እንጀራው ያለው በደቡብ አፍሪካ ነው እያለ ከወሰን ወደ ወሰን ያሳልፈዋል። የዚህም መንገድ ፍጻሜ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው አውራጃ ታይቷል፤ ከማላዊ በመጣ የጭነት መኪና ላይ በታሸገ ኮንቴይነር ውስጥ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ደግሞ በማላዊ በምዚምባ አውራጃ የብዙ ስደተኞች ሬሳ ባንድ ጉድጓድ ተቀብሮ ተገኝቷል። ልጃቸው የት እንደ ቀረ ሳያውቁ ተዝካር ለማውጣት የሚያመነቱ ወላጆች ምን ያህል እንደሚሆኑ ካህናት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

የሚሄደውን ልጅ ሰነፍ ነው ብለን ልንነቅፈው አንፈልግም። የጌዴኦ ምድር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትንና ቡናን ባንድነት አብቅሎ እጅግ ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት የሚመግብ ነው፤ ስለዚህም ጥበቡ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም አባት ለልጆቹ ማሳውን ባካፈለ ቍጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። በዚህም ላይ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። መሬት የጠበበው ሰው መንገድ ቢያይ አይፈረድበትም።

ለመንግሥት ሹማምንትም የምንለው አለን። የተራ ፓስፖርት ዋጋ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር 5,000 ብር እንዲሆን ተደርጓል። ገንዘቡ ለገበሬ ልጅ ቀላል አይደለም፤ ሕጋዊው በር በተወደደ መጠን ደላላው በሌሊት የሚያሳይበት መንገድ ርካሽ መስሎ ይታያል። ዋጋውን የሚቈርጡ ሰዎች ይህንንም ቢመለከቱት መልካም ነው።

እስከዚያው ድረስ የየቀበሌው ሹም በስብሰባ፥ ካህኑም ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ጥቂት ጥያቄ ቢያስተምሩ እንወዳለን። ልጄን ኬንያ አስቀጥርልሃለሁ የሚል ሰው ሲመጣ አባት የቡና ማሳውን ከማስያዙ በፊት፥ የቀጣሪው ስም ማን ነው? የሥራ ፈቃዱስ የት አለ? ብሎ ይጠይቅ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 923 መሠረት ኤጀንሲ ሠራተኛ የሚልከው መንግሥታችን የሥራ ስምሪት ውል ወደ ተዋዋለበት አገር ነውና፥ ውሉንም አሳየኝ ይበለው። ይህን ማሳየት ያልቻለውን ሰው ስሙንና የሚያድርበትን ቤት ለፖሊስ ማስታወቅ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1178 ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ የሚያሻግረውን የሚቀጣበት ሥልጣን ሰጥቷል።