ሰሊጡን የሚመዝኑ፣ ሰውን የማይቆጥሩ

የሰሊጥ ነጋዴ ስለ ሰሊጡ የማያውቀው ነገር የለም። እርጥበቱን በመሣሪያ ይለካል፤ ባዕድ ነገሩን በወንፊት ለይቶ በመቶኛ ያሰላል፤ እፍኙን ዘግኖ የሁመራ ጎንደሩን ከወለጋው ይለያል። "ይህን ሰሊጥ ማን አጨደው? ሒሳቡንስ ተቀብሎ ነው ወደ አገሩ የገባው?" ብላችሁ ጠይቁት። "እሱ የአምራቹ ጉዳይ ነው" ይላችኋል። አምራቹ ወደ ካቦው ይጠቁማል፣ ካቦው ወደ ደላላው። ደላላው ደግሞ ስልኩን ዘግቷል።

እኔ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ፤ ይህ እጅ መታጠብ አንገፍግፎኛል። አጫጁ የእኛ ልጅ ነውና! ከፋርጣ፣ ከእብናት፣ ከስማዳ፣ ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት የሚወርደው ወጣት ነው። በጉና ሥር ያለው መሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲቆራረስ ኖሮ ለአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ አልወጣው ብሏል። ስለዚህ ልጁ በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ሳሉግ የሚባለው ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኛ ይሆናል።

ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም። በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። እንደ ደንቡ ቢሆን በእነዚያ ቀናት የመደራደር አቅሙ የሠራተኛው ነበር፤ ጎረቤት እርሻ ላይ የተሻለ ዋጋ ሲሰማ ማጭዱን ይዞ ሊሄድ ይችላልና። ታዲያ እንዳይሄድ ምን ይደረጋል? ሒሳቡ ይያዛል። "ሥራው ሲያልቅ አንድ ላይ ትቀበላለህ" ይባላል። የትራንስፖርቱ፣ የምግቡ፣ የማጭዱ ዋጋ በካቦው ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ጻፊውም ደማሪውም ካቦው ነው። ጥሎ ቢሄድ የሠራበትን ያጣል፤ ቢቆይ ዕዳው ያድጋል። ሰንሰለትና አለንጋ አያስፈልግም፤ ደብተሩ ይበቃል።

በአንድ የመኸር ሰሞን ወረታ መናኸሪያ ቆሜ ይህን በዓይኔ አየሁ። አንድ ጎልማሳ የስምንት ወይም የዘጠኝ ልጆችን መታወቂያ ሰብስቦ በላስቲክ አስሮ ደረት ኪሱ ከተተው። ጢሙ ገና ያልበቀለውን አንዱን ጠጋ ብዬ "መታወቂያህን ለምን ሰጠኸው?" አልሁት።

"ሒሳብ ሲዘጋ ይመልስልናል፣ ጋሼ።"

እንዲህ በቀላሉ ነው ያለኝ። ልጁ ያልገባውን ነገር የዓለም ሥራ ድርጅት ጽፎታል። ድርጅቱ የግዳጅ ሥራን ለመለየት ካወጣቸው 11 ምልክቶች መካከል የመታወቂያ ሰነድ መያዝ፣ ደመወዝ ማገት፣ በዕዳ ማሰር፣ ማታለል፣ ከሰው ማግለል፣ እንዲሁም ለሰው የማይገባ የሥራና የመኖሪያ ሁኔታ ይገኙባቸዋል። ምልክቱ በታየበት ሁሉ ባርነት አለ ማለት አይደለም። ሁሉም ባለሀብት ባሪያ አሳዳሪ ነውም አላልሁም፤ ጠዋት የታጨደውን ማታ ቆጥሮ የሚከፍል ጨዋ ገበሬ አለ። ግን መታወቂያው ተሰብስቦ፣ ደመወዙ ታግቶ፣ ዕዳው ተከምሮ ልጁ በረሃ መሀል ሲቀመጥ ሌላ ምን ብለን እንጥራው?

"ማንም አላስገደዳቸውም፤ በፈቃዳቸው ነው የመጡት" የሚል መከራከሪያ አለ። አዎን፣ በፈቃዱ ተሳፍሯል። በፈቃዱ የመጣ ሰው ግን በፈቃዱ መሄድ ካልቻለ ያ የመጀመሪያው ፈቃድ ምን ዋጋ አለው? ሁለተኛው ሰበብ "ሰሊጡ ሳይሸጥ ከየት አምጥተን እንክፈል" የሚለው ነው። ለነዳጅ ከየት አመጣችሁ? የነዳጅ ማደያው በዱቤ አይቀዳም፤ የትራክተሩ ኪራይም አይጠብቅም። በምድር ላይ ያለ ወጪ ሁሉ ቀድሞ ይከፈልና የሰው ጉልበት ብቻ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት ወደ ሰማይ የሚጮኽ ኃጢአት መሆኑን በየሰንበቱ እየሰማን!

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የባሪያ ንግድን አጼ ቴዎድሮስ ከልክለዋል፤ አገራችን የዓለም መንግሥታት ማኅበርን በ1916 ዓ.ም. ስትቀላቀል ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች፤ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ አግዳዋለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ባርነትንም በሰው መነገድንም ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር፣ በአንድ ጊዜ ከደመወዝ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳያልፍ ይደነግጋል። በሰው መነገድን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም አለ። ከአዋጁ እስከ ሰሊጥ ማሳው ያለውን መንገድ የሚሄድ ተቆጣጣሪ ነው የጠፋው።

"የቆላው ጣጣ እዚያው ቆላ ይቅር" የሚል ደገኛ ካለ 1997 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው ሆዱ እያበጠ፣ ሰውነቱ እየመነመነ ይሞት ጀመር። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ሲመረመር ካላዛር ሆነ፤ ካልታከመ የማይምር በሽታ። ካላዛር በቆላው እርሻ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ነው። ዝንቡ የሚናደፈው ሌሊት ነው፤ መጠለያ ያልተሠራለት ሠራተኛ ደግሞ የሚያድረው ስንጥቅጥቁ በወጣ መሬት ላይ፣ ከዛፍ ሥር ነው። ተመራማሪዎች በሽታው ከሁመራና ከመተማ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ሳይገባ እንዳልቀረ ጻፉ። መተማን አይተው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናትም ታመሙ። አጎበርና መጠለያ የነፈገ እርሻ ወጪውን ወደ እኛ መንደር ልኮታል ማለት ነው።

የተጠያቂነቱ ሰንሰለት የሚጠፋው የት እንደሆነ ላሳያችሁ። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ሰሊጥ በደረጃው ተለይቶ ይደባለቃል። የከፈለው ገበሬና የካደው ገበሬ ኩንታል አንድ ክምር ላይ ይወድቃል፤ ላኪው የሚገዛው ደረጃውን ነው። ለንግዱ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ላብ ለበላ ሰው ግን የተመቸ መደበቂያ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የዘመናዊ ባርነት ሕግ ዓመታዊ ሽያጫቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ኩባንያዎች በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ ታዛለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው ደንብ ደግሞ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ሸቀጥ ገበያው እንዳይገባ እ.ኤ.አ. ከ2027 መጨረሻ ጀምሮ ይከለክላል። የእኛ ላኪዎች ያ ቀን ሲደርስ ይሯሯጣሉ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ያዘጋጃሉ። ያ ወረቀት ወረታ ቆሞ ለነበረው ልጅ ምን ይፈይዳል?

የምጠይቀው ከማንም አቅም በላይ አይደለም። የሥራ ውሉ ልጁ ከቀዬው ሳይወጣ፣ ቀበሌው ባለበት በጽሑፍ ይሁን። የደላላውን ኮሚሽን አሠሪው ይክፈል። ደመወዝ በየሳምንቱ በራሱ በሠራተኛው ሒሳብ ይግባ፤ በካቦው እጅ አይለፍ። መታወቂያ የሰበሰበ ይከሰስ። ለእርሻ የሚያበድር ባንክ ብድሩን ከመልቀቁ በፊት የመጠለያውን፣ የአጎበሩንና የደመወዙን እቅድ ይይ። መጋዘኑ የእርጥበት መጠን ለመመዝገብ ቦታ ካለው፣ ሠራተኛ የተከፈለበትን ማረጋገጫ ለመመዝገብም አንድ መስመር አያጣም።

እኛንም አልምርም። ያ መታወቂያ ሰብሳቢ ከሰማይ አልወረደም፤ የእኛው አገር ልጅ ነው፤ እድራችን ውስጥ ይከፍላል፤ በሠርጋችን የክብር ወንበር ይሰጠዋል። ስንት ልጅ ወስዶ ስንቱን እንደመለሰ ጠይቀነው አናውቅም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ከመዋጮው በፊት ይህ ጥያቄ ይቅደም፤ መልስ የሌለው ሰው ከመካከላችን ይነሳ።