ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ

የዚህ እትም ዐቢይ ርዕስ መንዳት ለሚወዱ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ መሪ የጨበጠን ሁሉ ያጓጓል፤ ደስታውንም አንነቅፍም። ነገር ግን ማለዳ አትሌቶች ጥጉን ይዘው ይሮጡበታል። ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም አሉ፤ ጀርባቸው ከሸክሙ በታች ስለጎበጠ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ዞረው ማየት አይችሉም። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ያሳዝነናል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለፍሬን የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ኩርባ ስትገቡ በሚታያችሁ ርቀት ውስጥ መቆም የምትችሉ ሁኑ። ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ በፍሬን ብቻ ከተማመናችሁ ሸራው ግሎ እምቢ ሊላችሁ ይችላል።